ጫጩት ቆጥ ላይ ማደር የሚለምደው መቼ ነው? እንዴትስ እናስለምደው?

የ45 ቀን ጫጩት በካርቶን ይዛችሁ ቤት ልትገቡ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ማታ አትመኑት። ቀን ላይ ሲጭሩ፣ ሲሯሯጡና ውሃ ሲጠጡ አይታችሁ «በቃ ለመዱ» ብላችሁ በሩን ዘግታችሁባቸው እንዳትገቡ። ፀሐይ ስትጠልቅ ምን እንደሚያደርጉ ቆማችሁ እዩ።

እኔ ቆሜ አላየሁም። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ አራት አባወራ የሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። 12 ጫጩት ገዛሁ። ከአጥሩ ሥር በቆርቆሮና በሽቦ ቤት ሠራሁላቸው፣ ሰጋቱራ አነጠፍኩ፣ መኖውንም ውሃውንም አስተካክዬ አስቀመጥኩና ምንም የቀረ ነገር የለም ብዬ ገባሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ስከፍት አሥራ ሁለቱም አንድ ጥግ ላይ ተቆልለው አገኘኋቸው። ከላይ ያሉት ክንፋቸውን እያራገፉ ወረዱ። ከሥር የነበሩት ሁለቱ አልተነሱም። ቁስል የለባቸውም፣ አይጥም አልነካቸውም። ታፍነው ነው የሞቱት።

ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና አዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ቆጣቸውስ?» አሉኝ። እሳቸው ያደጉት ገጠር ነው። እዚያ ዶሮ ብዙ ጊዜ የምታድረው ከሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ቆጥ፣ ማለትም የምታድርበት እንጨት፣ ከፍ ተደርጎ ይሠራላታል፣ ሲመሽ ማንም ሳይነግራት ትወጣለች። እኔ ደግሞ ከተማ ተወልጄ ስላደግኩ ቆጥ የሚለውን ቃል የማውቀው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ከሚለው ተረት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ዙር አሳድጌያለሁ። በመደራረብ የሞተብኝ አንድም የለም። ያደረግኩትን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባችሁ፣ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው። የዛሬዋ ዶሮ ዘሯ የእስያ ጫካ ቀይ የዱር ዶሮ ነው። የዱሯ ዶሮ ቀን መሬት ስትጭር ትውልና ሲመሽ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ መሬት ላይ ያደረ ይበላልና። የእኛዋም ይሄ አመል አልለቀቃትም። ሌላው፣ ዶሮ ሲጨልም በደንብ አታይም፣ ዳፍንት እንደምንለው ነው። ስለዚህ ጨለማ ሳይቀድማት ማደሪያዋን መያዝ አለባት። ቆጥ ካገኘች ቆጥ ላይ ትወጣለች። ቆጥ ያጣ ጫጩት ግን ጥግ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጥግ ይይዛል፣ ሁለተኛው ይጠጋዋል፣ ሦስተኛው ሁለቱ ላይ ይወጣል፣ ሌሎቹም እንዲሁ። ብርድም አለ፣ ፍርሃትም አለ፣ ከፍ የማለት ፍላጎትም አለ። ጓደኛቸውን ነው ቆጥ የሚያደርጉት።

መቼ ይለምዳሉ የሚለው እንዳስተዳደጋቸው ይለያያል። እናት ያላቸው ዕድለኞች ናቸው። ያቀፈች የሐበሻ ዶሮ ስትፈለፍል ቆጧን ትታ መሬት ላይ ታድራለች፣ ጫጩቶቹን ክንፏ ሥር አድርጋ። ይሄ ስድስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት ሳምንት ይሄዳል። ከዚያ አንድ ማታ ብድግ ብላ ወደ ቆጧ ትመለሳለች። ጫጩቶቹ ከታች ሆነው ይጮሃሉ፣ እሷም ከላይ ሆና ትጠራቸዋለች። ደፋሩ ዘሎ ይደርሳል፣ ሌላው ይወድቅና እንደገና ይሞክራል። በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉም ከጎኗ ናቸው። እናንተ ምንም ማድረግ የለባችሁም፣ መወጣጫ የሚሆን ዝቅ ያለ እንጨት ብቻ ጨምሩላቸው።

ያለ እናት ያደጉት ናቸው የእኛ ጉዳይ። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝታችሁ ራሳችሁ ካሳደጋችሁ፣ ገና በሳምንታቸው ወይ በአሥር ቀናቸው ውሃ መጠጫው ጫፍ ላይ ዘለው ሲቆሙ ታያላችሁ። ይሄ ጨዋታ ነው፣ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት። ያን ጊዜ አንድ ጡብ ወይም ከመሬት አራት ጣት ከፍ ያለ ቀጭን እንጨት አስገቡላቸው። ቀን ላይ ወጥተው ይወርዳሉ፣ እግራቸው ይጠነክራል፣ ሚዛን ይማራሉ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ቀን ቀን እንጨቱ ላይ ማንቀላፋት የሚጀምሩ አሉ። ሌሊት ማደሩ ግን ይዘገያል፣ አብዛኞቹ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚወጡት። ከልጅነታቸው እንጨት ያዩት ቶሎ፣ ያላዩት ዘግይተው።

እና አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሙቀት የሚፈልጉበት ዕድሜ ላይ ቆጥ ላይ ይደሩ ብላችሁ አታስቸግሯቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ ከዚያ በየሳምንቱ በሦስት ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል። ላባቸው ሳይሞላ አምፖሉን ትተው ቆጥ ላይ ቢያድሩ ብርዱ ይጎዳቸዋል። ላባው ደህና የሚሞላው በአምስተኛው በስድስተኛው ሳምንት ነው።

አሁን ስሌቱን እዩት። 45 ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ከሦስት ቀን ነው። ላባቸው ሞልቷል፣ ቆጥ ላይ ማደር የሚጀምሩበት ዕድሜ ላይ ናቸው፣ ነገር ግን ብዙዎቹ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠፍጣፋ ወለል ላይ፣ በመቶዎች ሆነው፣ አምፖል ሥር ነው ያደጉት። እንጨት አያውቁም። ሙሉ ጨለማም የማያውቁ ይኖራሉ። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መሃል ከተማውም ውስጥ ዶሮ የያዘ ግቢ ብዙ ነው፣ ብዙ ሰው የሚጀምረውም በ45 ቀኑ ነው። ዕድሜያቸውን አይታችሁ ያውቃሉ ብላችሁ አትገምቱ።

ወደ ቆጡ እንምጣ። ከእንጨት ቤት 4 በ5 ሞራሌ ግዙ፣ ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርጉት፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱት። ለምን ጠፍጣፋ ትሉኝ ይሆናል። ዶሮ ስትተኛ እግሯን አጥፋ ሆዷን ጣቶቿ ላይ ነው የምታሳርፈው። ሰፋ ያለ እንጨት ከሆነ ጣቶቿ ተዘርግተው የሆዷ ላባ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናቸዋል፣ ብርድ አይነካቸውም። አጠናም ይሆናል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ቅርፊቱን ላጡት። ቅርፊት ሥር ተባይ ይራባል። የብረት ቱቦና የፕላስቲክ ቧንቧ ተዉት፣ ያዳልጣል፣ ብረቱ ደግሞ በእኛ ከተማ ሌሊት እንደ በረዶ ነው።

ርዝመቱን በስንዝር ለኩ። ለአንድ ያደገች ዶሮ አንድ ስንዝር፣ ወደ 20 ሳንቲም። ለጫጩት 15 ይበቃል፣ ግን ኋላ ላይ ከመቀየር ከአሁኑ ለትልቅነታቸው ሥሩት። ለ10 ዶሮ 2 ሜትር ማለት ነው። ቦታ ካልበቃ ሁለት ባለ 1 ሜትር እንጨት አድርጉ፣ በመካከላቸው 30 ሳንቲም፣ ከግድግዳውም 25 ያህል ይራቅ፣ አለዚያ ጭራቸው ግድግዳ ይነካና አይመቻቸውም። ሁለት እንጨት ካደረጋችሁ ከፍታቸው እኩል ይሁን። አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም የላይኛውን ፈልገው በየማታው ይደባደባሉ፣ ደካማዋ መሬት ትቀራለች። እንጨቱ መወዛወዝም የለበትም። በእጃችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩት፤ ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሚስማር ጨምሩበት፣ አንዴ ተንሸራቶ የጣላትን እንጨት ዶሮ በቀላሉ አታምነውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍታው ላይ ነው። ለትልቅ ዶሮ የሚሆነውን ቆጥ አንድ ጊዜ ሠርተው ጨርሰው ጫጩቶቹን ከሥሩ ይለቋቸዋል። ጫጩቱ ቀና ብሎ ያያል፣ አይደርስበትም፣ ጥጉን ይይዛል። በስንዝር ጀምሩ። ከመሬት 15 ወይ 20 ሳንቲም፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ሁሉም እዚያ ማደር ከጀመሩ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ 40 አድርሱት። መጨረሻ ላይ 60 ወይ 70 በቂ ነው። እኔ በጎንና በጎን ባሉት ቋሚዎች ላይ በሦስት ከፍታ ድጋፍ መታሁና እንጨቱን እያነሳሁ ወደ ላይኛው አዛውረዋለሁ፣ አዲስ መሥራት አያስፈልግም። የእንቁላል ዝርያዋ ቦቫንስ ብራውን ቀለል ያለች ስለሆነች 70ውን ትችለዋለች። ሳሶ የምትባለው ዝርያ ከባድ ናት፣ 40 ወይ 50 ላይ አቁሙላት። ከባድ ዶሮ በየጠዋቱ ከከፍታ ስትዘል መዳፏ ይቆስልና ያብጣል፣ ከዚያ ማንከስ ነው። ነጩ የሥጋ ዶሮ ካላችሁ ደግሞ ቆጥ ላስለምድ ብላችሁ አትድከሙ፣ ሰውነቱ ለዚያ አይሆንም። ደረቅና ወፍራም ሰጋቱራ አንጥፉለት፣ ይበቃዋል።

ቆጡ ከመኖውና ከውሃው በላይ አይሁን፣ ኩሱ ይገባበታል። የእንቁላል መጣያ ሳጥን ካለ ከቆጡ ዝቅ ይበል፣ መጣል እስኪጀምሩ ድረስም ዝጉት። ክፍት ከሆነ ለስላሳ ነውና እዚያው ማደር ይለምዳሉ፣ ኋላ እንቁላሉ ሁሉ ኩስ በኩስ ይሆናል። ከልጅነታቸው ቆጥ የለመዱ ቄቦች ሲደርሱ መሬት ላይ የሚጥሉትም ትንሽ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ዘለው መግባት ስለማይከብዳቸው።

እሺ፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል። መሽቷል። የሚያስለምዳቸው ይሄ ሰዓት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ኅዳር አካባቢ ከሆነ 12 ሰዓት ገደማ ነው፣ ሐምሌ ላይ ወደ 12 ከ45 ይጠጋል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ትንሽ መኖ ስጧቸው። የጠገበ ጫጩት ይረጋጋል፣ ሌሊቱንም ይሞቀዋል። ቀጥሎ ብርሃኑን አስቡበት። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከደጁ ቀድሞ ይጨልማል። እኔ ይሄን ለማወቅ ብዙ ማታ ፈጅቶብኛል። ደጅ ገና ብርሃን ስለሆነ አይገቡም፣ ሲገቡ ደግሞ ውስጡ ድቅድቅ ነው፣ እንጨቱ አይታያቸውም። ስለዚህ ትንሽ አምፖል ከቆጡ በላይ አንጠልጥሉና 12 ሰዓት ሳይሞላ አብሩት። ብርሃኑ እንጨቱ ላይ ይረፍ። ወደ ብርሃን ይሄዳሉ። ከወጡ በኋላ አጥፉት፣ ግን ድንገት ቀጭ አድርጋችሁ አይደለም። መጀመሪያ የስልካችሁን መብራት በጣታችሁ ሸፈን አድርጋችሁ ያዙ፣ አምፖሉን አጥፉ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ስልኩንም። መብራት ከሄደም በዚሁ በስልኩ ትጨርሱታላችሁ።

የመጀመሪያው ማታ ማንም አይወጣም ብላችሁ ገምቱ። ጥጉ ላይ እስኪሰበሰቡና እስኪጨልም ጠብቁ። ጨለማው እዚህ ጋ ይጠቅማችኋል፣ ስለማያዩ አይሮጡም። በሁለት እጅ ክንፋቸውን ከጎንና ከጎን አቅፋችሁ አንድ በአንድ አንሷቸው። እንጨቱ ላይ ጣል አታድርጉ። እግሯ እንጨቱን ሲነካ ያዝ አድርጋችሁ ቆዩ። ጣቶቿ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ እንጨቱን ጨምድድ ሲያደርጉት እጃችሁ ላይ ይሰማችኋል። አሁንም አትልቀቁ። ሰውነቷ ወደ ታች ዝቅ ሲል፣ ደረቷ እንጨቱ ላይ ሲያርፍ፣ አንገቷ ሲያጥር ያኔ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ አውጡ። ቀጣዩዋን ከጎኗ አስጠግታችሁ አስቀምጡ፣ ትከሻ ለትከሻ። ሙቀት ሲሰማቸው ሁለቱም ይረጋጋሉ። መጀመሪያ ትልቋንና ደፋሯን አስቀምጡ፣ ፈሪዋን በመሃል አስገቧት። የወደቀችውን እንደገና አንሱ። ሦስት ጊዜ ከወረደች ተዋት፣ ነገም ማታ አለ።

እኔ ከመጀመሪያው ዙር በተረፉት አሥሩ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ማታ ሁሉንም በእጄ አወጣሁ፣ ጠዋት አራቱ ብቻ ነበሩ ላይ ያገኘኋቸው። በአራተኛው ማታ ሦስቱ ራሳቸው ወጡ። በሳምንቱ ስድስቱ፣ ሌሎቹን እያነሳሁ። አንዲት ጥቁር ቄብ ነበረች፣ ከሁሉ ያነሰች፣ በየማታው እንጨቱ ሥር ቆማ ቀና እያለች ታያለች፣ ጉልበቷን አጠፍ ታደርጋለች፣ ልትዘል ነው ስትሉ ትተወዋለች። በአሥራ አንደኛው ማታ ልወስዳት ጎንበስ ስል በእጄ ሥር አልፋ ዘለለች። ክንፏን አማታች፣ ተወዛወዘች፣ ከዚያ ተስተካከለች። እማማን ጠርቼ አሳየኋቸው። ስለዚህ አንዷ ቀረች ብላችሁ እጃችሁን አታጥፉ። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ማታ ይበቃል፣ አንዳንዷ ሁለት ሳምንት ትፈልጋለች።

እስኪለምዱ ድረስ ያለውን ጊዜ ደግሞ በጥንቃቄ እለፉት። የቤቱን አራት ጥግ በካርቶን ክብ አድርጉት። ካርቶኑን ቆርጣችሁ ጥጉ ላይ አጥፋችሁ ብታስገቡት የሚወሸቁበት ቦታ ያጣሉ፣ መደራረቡ ይቀንሳል። የእኔ ሁለቱ ጫጩቶች አንድ ካርቶን ነበር የሚያድናቸው። ከወለሉ አጠገብ የሚገባውን ንፋስ በጆንያ ዝጉ፣ ከላይ ግን አየር ማስወጫ ይኑር። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ ወጥታችሁ እዩአቸው። ተደራርበው ካገኛችኋቸው በትናችሁ አውጧቸው።

አንዳንዱ ሰው «አንዲት ትልቅ ዶሮ ከሾላ ገዝተህ ብትጨምር ታስተምራቸዋለች» ይላል። እውነት ነው፣ አይተው ይማራሉ፣ ቶሎም ይማራሉ። ግን ከገበያ የመጣች ዶሮ ፈንግል የሚባለውን በሽታ ይዛ ልትመጣ ትችላለች፣ ያ ከመጣ ቤቱን ባዶ ነው የሚያደርገው። ማስገባት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጫጩቶቹ የፈንግል ክትባት መውሰዳቸውን አረጋግጡ፣ እሷንም ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩአት። እኔ በእጅ ማውጣቱን እመርጣለሁ።

በጋራ ግቢ ለምንኖር ሰዎች ቆጥ ሌላም ጥቅም አለው። ሌሊት ብዙ ኩስ ይወርዳል፣ ቆጥ ላይ ካደሩ ያ ሁሉ አንድ ቦታ ይወርዳል። ከሥሩ አሮጌ ቆርቆሮ ወይ ጣውላ አድርጉ፣ ሰጋቱራ በትኑበት፣ ጠዋት ጠርጋችሁ በጆንያ አጠራቅሙ። ሽታው ይቀንሳል፣ ጎረቤት አይቀየምም። የእኛ ግቢ ጎመን የሚበላው እሱን ነው፣ ግን ትኩሱን ሥሩ ላይ አታድርጉ፣ ያቃጥለዋል። ወራት አቆዩት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ለምደው ሲያድሩ የነበሩ ዶሮዎች ድንገት ቆጡን ጠልተው መሬት ማደር ከጀመሩ፣ አመል አይደለም፣ ምክንያት አለው። አንዷ ብቻ ከሆነች እግሯንና መዳፏን ገልብጣችሁ እዩ። ሁሉም ከሆኑ፣ ሌሊት ሽለምጥማጥ ወይ ድመት መጥቶ እንደሆነ ሽቦውን ፈትሹ። ያም ካልሆነ ተባይ ነው። ቀን የእንጨት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ማታ ወጥቶ ደማቸውን የሚመጥ ደቃቅ ተባይ አለ፣ ደም ሲጠጣ ቀይ ይሆናል። ማታ በነጭ ሶፍት የእንጨቱን የታችኛውን ጎን ጥረጉት። ሶፍቱ ላይ ቀይ ጭረት ካያችሁ አገኛችሁት። ጠዋት እንጨቱን ነቅላችሁ አውጡ፣ ስንጥቁንና ሚስማር ያለበትን ሁሉ በፈላ ውሃ እጠቡ፣ በብሩሽ ፈትጉ፣ ፀሐይ ላይ አስጡ። የቤቱን ማገርም እንዲሁ። በሳምንቱ ድገሙት፣ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ይቆያችኋል። ለዶሮዎቹም አመድ በገንዳ አስቀምጡላቸው፣ ይንከባለሉበታል። እንጨቱን ግን ከ12 ሰዓት በፊት ወደ ቦታው መልሱት፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ጎን፤ ሲመሽ ካጡት ተመልሰው ጥጉን ይይዛሉ።